የመመለሻው ቋጠሮ

አባቴን ሠፈሩ «ቋጠሮ» ይለዋል። እኔ ስሰማው ደሜ ይፈላል፤ እሱ ግን ይስቃል። ስሙ የወጣለት ለአደን ሲወጣ ወገቡ ላይ ከሚጠመጥመው ረጅም ጨርቅ ነው። ጨርቁ ሰባት ቋጠሮ አለው፤ በያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቁራሽ ዳቦ፣ ሦስት ቴምርና ጥቂት ለውዝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቋጣሪዋ እኔ ነኝ።

ከርከሮ ማሳቸውን ያወደመባቸው ገበሬዎች ይጠሩታል፤ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለሳል። ስለ ጠመንጃው ብዙ አያወራም። ስለ መብላት ከተነሳ ግን ማን ያስቆመዋል። ጠዋት ሆዱን ጢም አድርጎ የወጣ አዳኝ እስከ ረፋድ ከእንቅልፍ ጋር ይታገላል፣ በባዶ ሆዱ የወጣ ደግሞ ከቀትር በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል ይላል። እሱ ራበውም አልራበው በየሰዓት ተኩሉ አንዱን ፈትቶ ይበላል፤ ከላዩ ሁለት ጉንጭ ውሃ። ሰባተኛው «የመመለሻ» ነው፤ ፊቱን ወደ ቤት ሳያዞር አይነካውም። በዚያ ቀልድ የለም። ልጅ ሳለሁ ከመመለሻው አንዲት ቴምር ሰርቄ በላሁ። በሕይወቴ የመታኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ምክንያቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን አብሬው ጫካ ስገባ ነው። ጉም ነበር። የቆሰለ ከርከሮ ዱካ ስንከተል የምግቡን ሰዓት አሳልፈነዋል። አባቴ ድንገት ቆመ። ዓይኑን ከፊታችን ካለ ትልቅ ዛፍ ላይ ሳይነቅል በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ ከዛፉ ሥር የተቀመጠ ሰው ይታይሻል?»

«ኧረ ማንም የለም፣ አባዬ።»

አንድ ቋጠሮ ፈታ፣ ዳቦውን ጎረሰና እስኪውጠው ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው «ሄደ» አለ። እፎይ ያለ መስሎኝ ፊቱን ባየው፣ ኀዘን ነበር።

እዚያው ተቀምጦ ነገረኝ። እኔ ሳልወለድ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ያድኑ ነበር። ታላቁ ጠመንጃውን ይይዛል፣ አባቴ የሁለቱንም ስንቅ። አጎቴ ጥርሱ የረገፈ ስለነበር የዳቦውን ለስላሳ ውስጡን እየፈለፈለ ይበላና ቅርፊቱን ለአባቴ ይተውለታል። አንድ ቀን አጎቴ ዱካ ተከትሎ ሲቀድም፣ አባቴ ኋላ ቀርቶ የራሱን ጨረሰ። ቶሎ እንመለሳለን ብሎ የወንድሙንም የመመለሻ በላው። አልተመለሱም፤ ከርከሮው እስከ ምሽት ድረስ አዞራቸው። በመጨረሻ አጎቴ ጉልበቱ ከዳውና ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ የመመለሻዬን አምጣ ብሎ እጁን ዘረጋ። አባቴ በላሁት ማለት አፍሮ፣ «መንገድ ላይ ሳይወድቅ አልቀረም፣ ፈልጌ ልምጣ» ብሎ ዋሸ። ጥቂት ዞሮ ሲመለስ ከዛፉ ሥር ማንም የለም። አገር ምድሩ ዘጠኝ ቀን ፈለገ፤ ጫማው እንኳን አልተገኘም።

«ሲርበኝ ይመጣል፤ እጁን እንደዘረጋ» አለኝ። «ስበላ ይሄዳል።»

«ያስፈራሃል?»

«እሱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ እንዲቆይ መፈለጌ ነው።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ አንድ ቀን ሆን ብሎ ሳይበላ ይውላል፣ ያኔ እሱም እንደ ወንድሙ ይቀራል። ሲገባ ሰላም ሳልለው ወገቡን እዳብሳለሁ። እናትሽም እንዲህ ፈትሻኝ አታውቅም እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፍ። ሰባቱም ተፈትተው ካላገኘሁ ልቤ አይመለስም።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ፀሐይ ጠልቃ እሱ ቀረ። ጎረቤት ልጠራ ስል ከአጥሩ ጥግ ብቅ አለ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ግን ፈገግ ብሏል። አስቀምጬው ጨርቁን ፈታሁ። ስድስቱ ቋጠሮዎች ጠዋት እንዳሰርኳቸው ናቸው። እያለቀስኩ ተቆጣሁት፤ ጥለኸኝ ልትሄድ ነው ወይ አልኩት።

«የመመለሻውን ሰጠሁት» አለኝ። «ይቅር በለኝ አልኩት። ተቀበለኝ።»

ረሃብ ነው የሚያስቀባዥረው ብዬ ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣሁት። ከዚያ ሰባተኛውን አየሁ። መልሶ ታስሯል፣ አስተሳሰሩ ግን የኔም የሱም አይደለም። ስፈታው ቴምሩም ለውዙም የለም። ዳቦው ውስጡ ተፈልፍሎ ቅርፊቱ ብቻ ቀርቷል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቅርፊት ትቶ አያውቅም።

ቅርፊቱን እጄ ላይ እንዳለ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወሰደና «ይሄማ የኔ ድርሻ ነው» ብሎ ያላምጥ ጀመር።

አሁን የምቋጥረው ስምንት ነው። ስምንተኛው የአጎቴ ነው፤ ቅርፊት አላስገባበትም።