ከራውተሩ ዝርዝር የጠፋው ስልክ

ወንድሜ የኔትወርክ ቴክኒሻን ነው። ሌላው ቴክኒሻን ራውተሩን ሰክቶ ይሄዳል፤ የኔው ጉድ ግን ቁጭ ብሎ ያስተምራል። «ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም» ብሎ ይጀምራል። «ኢንተርኔቱ ከውጭ በገመድ ይመጣል፤ ራውተሩ ተቀብሎ ለየስልኩ ያከፋፍለዋል። ከራውተሩ እስከ ስልካችሁ ያለ ሽቦ የሚሄደው ሲግናል ነው ዋይፋይ የሚባለው። ግድግዳ ሲበዛበት ይደክማል።» ሱቃችን ውስጥ ስልክ የማነሳው እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። እሱ እስኪጨርስ ስንቱን ደንበኛ ይቅርታ ስጠይቅ አፌ ደርቋል።

ትምህርቱ ከልብ የገባቸው አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። የራውተሩን ገጽ በስልካቸው ከፍተው የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ማየት ያስተማራቸው ወንድሜ ነው።

«ራውተሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አይፒ አድራሻ ይሰጠዋል፤ የቤት ቁጥር በሉት» አላቸው። «መልእክቱ የማን እንደሆነ በሱ ይለያል። ስልኩ ከቤት ቢወጣም ስሙ እዚሁ ይቆያል፤ ጎኑ ላይ "አልተገናኘም" ይላል እንጂ።»

ልጃቸው ስልኩን «ቀጮ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ሰፈሩም የሚጠራው እንደዚያ ነው። ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ላይ እያለ ስልኩ ይገናኛል። እናትየው ያዩና ሳያንኳኳ በሩን ይከፍቱለታል። ሁለቱም በዚህ ይስቁ ነበር።

ባለፈው ዓመት ቀጮን መኪና ገጨው። ስልኩም አብሮት ደቀቀ።

ከወራት በኋላ ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ አስቸገራቸውና ደወሉልን። ወንድሜ አንድ ክፉ ልማድ አለበት፦ ከምርመራ በፊት ሪሴት። ከራውተሩ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ አሥር ሴኮንድ ይጫናል፤ ማሽኑም የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። «መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቅ» ያልኩት ስንት ጊዜ ነው! ጆሮ ዳባ ልበስ። ያን ቀንም እንደለመደው ተጫነ፣ አዲስ የይለፍ ቃል ሞላ፣ ስልካቸውን መለሰላቸው።

ዝርዝሩን ከፈቱ። ወደ ታች አንሸራተቱ፣ ከዚያ ወደ ላይ።

«ልጄ፣ ቀጮ የት ሄደ?»

«ማን፣ እትዬ?»

«ስሙ እዚህ ነበር እኮ። በየቀኑ ነው የማየው። "አልተገናኘም" ይላል እንጂ፣ የለም ብሎኝ አያውቅም።»

ወንድሜ ነገሩ ያኔ ነው የገባው። ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«ይመለሳል?» አሉት።

«አይመለስም፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ስልክ አምጥቼ በስሙ ላስገባልዎት?»

«ተው፣ ልጄ። የማንን ስልክ ቀጮ ልበለው?»

ሱቅ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ነገሩን ሲነግረኝ፣ ልቆጣው አፌ ላይ የደረሰውን ሁሉ ዋጥኩት። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ እኔው ሄድኩ። እትዬ አስገቡኝ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ፣ እጄንም ያዙኝ።

«ወንድምሽን አትቆጪው» አሉኝ። «ዛሬ ጠዋት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደውላ፣ ልጅዎ እንዴት ነው አለችኝ። ሞቷል አልኳት። እስከ ዛሬ በአፌ ብዬው አላውቅም ነበር።»