ጋሽ ረታ የቃኙት ቫዮሊን

እኔ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ጠልቼዋለሁ። ሐኪሙ ሌላ ስም ቢሰጠውም ጋሽ ረታን ያደነቆራቸው እሱ ነው።

ጋሽ ረታ ዕድሜ ልካቸውን ቫዮሊን ተጫዋች ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ ቦሌ ሚካኤል፣ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል እኛን ሰበሰቡን። አብኔዘር ቫዮሊን፣ ጸጋአብ ቪዮላ፣ እኔ ቼሎ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መጋዙ ዝም ሲል ልምምድ እንጀምራለን። ሠርግ እንጫወታለን፣ ሲቀናን ደግሞ የሆቴል ዝግጅት። «እስክስታ የማይመታበት ሙዚቃ ምን ይሠራል?» የሚለን አይጠፋም፤ ለምደነዋል።

እኛ ዘንድ መሣሪያ የሚቃኙት ጋሽ ረታ ብቻ ነበሩ። በየተራ ይቀበሉንና ጆሯቸውን ክሩ ላይ ደፍተው ጠምዘዝ፣ መለስ ያደርጉታል። «እንኪ ሔዋን፣ አሁን ሰው ሆነልሽ» ብለው ይመልሱልኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቅኝቱ ይስታቸው ጀመር። እየዋለ እያደረ ባሰ። ጸጋአብ እንንገራቸው አለ። አብኔዘር ግን «አባት የሆኑልንን ሰውዬ? በየት ዓይንህ አይተህ?» ብሎ አፉን አስያዘው። እኔም ምላሴን ዋጥኩ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ቃኝተው ሲጨርሱ፣ የመጋዙን ብናኝ ልናራግፍ ነው እያልን፣ የእሳቸውንም ጨምረን፣ መሣሪያ ይዘን በየተራ ጓሮ እንወጣና በስልክ መቃኛ እናስተካክለዋለን። ተመልሰን አሳምረን ስንጫወት ፊታቸው ይበራል።

አንድ ቅዳሜ ራሳቸው ነገሩን አነሱት።

«ልጆች፣ ጆሮዬ ይረጥብብኛል፤ ድምፅም ይርቀኛል። ሐኪም ዘንድ ልታይ ይሆን?»

ደንግጠን ተያየን። አብኔዘር ቀደመ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ከሁላችንም በላይ ነው የሚሰሙት። ባይሰሙ ይሄን ሁሉ እንዴት ይቃኙታል?»

እኛም እውነቱን ነው አልን። ጋሽ ረታ ሳቁ፣ ነገሩንም ተዉት።

ባለፈው ሰኔ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ አዳራሽ ተጠራን። ልጃቸው ብሩክታይት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለነበር ጋሽ ረታ ደስ ብሏቸው መድረኩ ላይ፣ ሰው ፊት ቃኙ። እንግዲህ ጓሮ የት ይወጣል? መምቻ ደጋናችንን ክሩ ላይ ስናሳርፍ የወጣው ድምፅ እንኳን ሙዚቃ ሊባል ለጆሮ የሚቀፍ ነበር። ከኋላ ሰው ሳቀ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ተጫወቱ፣ ጎንበስ ብለውም እጅ ነሱ። ብሩክታይት እንባዋን እየጠረገች ነበር። በነጋታው ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው።

ለዓመታት ያመረቀዘ ቁስል ሁለቱንም ጆሯቸውን ከውስጥ በልቶታል ተባለ። ቀደም ብለው ቢመጡ ጆሯቸው ይተርፍላቸው ነበር።

አሁን ምንም አይሰሙም። እኛ የምንለውን ስልካቸው ላይ እንጽፍላቸዋለን፣ እሳቸው በአፋቸው ይመልሳሉ። ቅዳሜ ሲሆን ግን ዛሬም አይቀሩም። ባለፈው ሳምንት የአብኔዘርን ቫዮሊን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ክሩን ነካ አድርገው ተዉት።

«ያኔ ልታይ ይሆን ብያችሁ ነበር አይደል?» አሉ። «ምን ነበር ያላችሁኝ?»

ስልካቸውን ለአብኔዘር ዘረጉለት። አብኔዘር ለእኔ አቀበለኝ፣ እኔ ለጸጋአብ። ጸጋአብም ምንም ሳይጽፍበት መለሰላቸው።