ከድዱ በፊት እግሩን አየሁ

በጦርነቱ ጊዜ መርሳ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነበርኩ፤ የቀረልኝ መሣሪያ ግን ኪሴ ውስጥ የነበረው ቴርሞሜትር ብቻ ነው። መድኃኒቱ ተዘርፏል፤ የክሊኒኩ በር ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። አንድ ቀን ጠዋት ግራና ከምትባለው መንደር የመጡ ሽማግሌ፣ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ የመታውን ውሻቸውን በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመው ገቡ።

የኋላ እግሩ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ዕድሜዬን ሙሉ ያከምኩት የእርሻ በሬ ነው፤ በሬ ሲመጣ ገበሬው የሚጠይቀኝ "ያርስልኛል ወይ?" ብሎ ስለሆነ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። የለመደ እጄ እዚህም ቀጥታ ወደ እግር ሄደ። ቁስሉን በጨው ውኃ አጠብኩ፤ ሸምበቆ ሰንጥቄ፣ ጋውኔን ቀድጄ፣ ቀጥ አድርጌ አሰርኩት። ደግሞ ኮራሁበት፤ ወይ መኩራት!

ውሻው አንዴም አልጮኸም። ጨዋነቱ ገርሞኝ ራሱን ስደባብስ ከንፈሩ ተገለጠ፤ ድዱ እንደ ጥጥ ነጥቷል። ሆዱን ዳሰስኩት፤ ተነፍቶ ተወጥሯል። ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነበር፤ እስከ ማታ የሚቆይ አልነበረም። "አስቀድመህ ትንፋሹንና ድዱን እይ" የሚለውን እኮ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው የተማርኩት። ቀድሜ ባየውስ ምን አደርግለት ነበር? የሚሰጥ ደም የለ፣ ቀዶ ጥገና የለ፣ ወደ ወልድያ የሚያሳልፍ መንገድ የለ።

ሽማግሌው ግን ማሰሪያውን እያዩ ፊታቸው በራ።

"አላህ ይስጥህ ልጄ! መቼ ልፍታለት?"

"በሦስተኛው ሳምንት ያምጡልኝ" አልኳቸው።