የአክስቴ ቆርቆሮ

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር ሐይቅ ከተማ ያለችው ትንሿ የሥዕል ሙዚየማችን ትዝ ትለኛለች። ልጅ ሳለሁ ሰፈርተኛው ተባብሮ ያቋቋማት ናት። አንድ ክረምት ጣሪያዋ ማፍሰስ ጀመረና፣ የቀለሙ ሽታ ከእርጥብ ጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሞላው። ልትዘጋ ነው ተባለ። አክስቴ ዘሀራ ይህን ስትሰማ ለወጥ ቤቷ የገዛችውን አዲስ ቆርቆሮ አሸክማን መጣች።

«የአንቺስ ወጥ ቤት?» አሏት የሰፈሩ ሽማግሌዎች።

«እኔ ድስቴን ፈቀቅ አደርጋለሁ። ሥዕሉ ከራሰ ግን ማን ይመልሰዋል? ወላሂ፣ ቆርቆሮውን መልሼ አልወስደውም!»

ቆርቆሮው ሲመታ ከታች ቆሜ ላለፈ ላገደመው ሁሉ «የአክስቴ ነው!» እል ነበር። የእሷ ወጥ ቤት ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከረመ። ዛሬ ልጄን ይዤ ስገባ፣ ከሥዕሎቹ አስቀድሜ ጣሪያውን አሳያታለሁ።