ጥሪ ያልመለሰው መርከብ

ወንድሜ ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ከሰፈራችን ከማራኪ እስከ ፒያሳ በእግሬ እመላለሳለሁ፤ በየመንገዱ ስልኩን እሞክራለሁ፤ አይሠራም።

ባለፈው እሑድ አባቴ ቀድሰው ከተመለሱ በኋላ በቴሌቪዥን የአንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ታሪክ መጣ። እንግሊዝኛውን እየተረጎምሁ ነገርኋቸው። በዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ መርከብ አስጥሟል፤ በመጨረሻ ግን እንደወጣ ቀረ። አዛዦቹ በሬዲዮ ደጋግመው ጠሩት፤ ዝም ሲላቸው ከነሰዎቹ ጠፍቷል ብለው መዘገቡ።

«ምነው፣ ማንም ሲሰጥም ሳያየው?» አሉ አባቴ።

«ማንም ሳያየው።»

«ተጠርቶ ዝም ስላለ ብቻ?»

ተናደድሁ። ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠብቀው ለቅሶ እንድንቀመጥ ነው። በእኛ አገር አስከሬን ባይገኝ እንኳ የሟቹ ልብስ ወጥቶ ይለቀስበታል፤ ካህናት ፍትሐት ያደርሱለታል። አባቴ ለስንቱ ሰው ልጅ አድርሰዋል። የወንድሜን ጋቢ ግን ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። «ለሕያው ፍትሐት የለም» ይላሉ።

«ቁርጡን ማወቅ ሳይሻል አይቀርም» አልሁ፣ ስለ መርከቡ የማወራ መስዬ።

አባቴ ተነሡና ጋቢውን ከሣጥኑ አወጡት። በቃ፣ ለለቅሶው ነው ብዬ ክው አልሁ። ተከትያቸው ደጅ ወጣሁ። ገመዱ ላይ ዘርግተው ፀሐይ አሰጡት፤ እጥፋቱን በእጃቸው እያቃኑ ቆዩ።

«ብል እንዳይበላው ነው» አሉኝ ሳይዞሩ። «አንተም ዝም ብለህ አትገተር፤ ደውልለት።»