«ልጅቷ አላለችም»

አያቴ በአንኮበር ጎረቤላ የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። አንድ ጠዋት የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ስደተኞች የተናገረውን ክፉ ቃል በሬዲዮ ሰምተው አዘኑ። በዚያው ቀን አንኮበርን ልታይ የመጣች እንግሊዛዊት ወጣት ልትሳለም ጎንበስ ስትል መስቀላቸውን ሸሸጉባት። አቀርቅራ ሄደች።

በኋላ ልጅቷ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ የተፈናቃይ ልጆችን እንደምታስተምር ሰሙ። ይቅርታ ሊጠይቋት ሲሄዱ አገሯ ገብታ ነበር። ያንን ጸጸት ይዘው ነው ያለፉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪያልፉ ድረስ የእንግሊዝ መሪ ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ «እሱ ነው ያለው፤ ልጅቷ አላለችም» ይሉን ነበር።

ትናንት ሬዲዮው ስለ አዲሱ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲያወራ አጎቴ፣ «እንግሊዞች እኮ ድሮም እንዲህ ናቸው» አለ። ሁላችንም ወደ አያቴ መደብ ዞር አልን። አጎዛው ተነስቷል። አጎቴ ራሱ ባዶውን መደብ አየና ሬዲዮውን ዘጋው።