ከአስራ አንደኛው ረድፍ

ከማሪዬታ ወደ ኬኔሶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሁልጊዜ ነዳጅ የምቀዳበት ጣቢያ ውስጥ፣ ሒሳብ ከሚከፈልበት ባንኮኒ አጠገብ አንድ የኤሌክትሪክ ድስት ቀኑን ሙሉ ይንተከተካል። ውስጡ ያለው ከነቅርፊቱ በጨው ውሃ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ነው። ጆርጂያ ያልኖረ ሰው ይሄን ስነግረው ኦቾሎኒ ይቆላል እንጂ ይቀቀላል ወይ ብሎ ይከራከረኛል፤ ይቀቀላል። ሽታው የባቄላ ንፍሮና ዝናብ የነካው አፈር አንድ ላይ ሆነው እንደሚሸቱት ነው። ባለፈው ዓርብ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ውሃ ልገዛ ስገባ ድስቱ ተከፍቶ ስለነበር ሽታው በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ እኔም ሳላስበው ሻጩን "ሥጋ አልገባበትም አይደል?" ብዬ ጠየቅኩት። "ኦቾሎኒ እኮ ነው" አለኝ ቀና ብሎ እያየኝ። ያን ጥያቄ ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቅኩት የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው።

ጥያቄው የአባቴ ነበር፤ እኔ አፉ ነበርኩ። ከሱዳን ወደዚህ ስንመጣ አስራ አንድ ዓመቴ ሲሆን እስከዚያ ድረስ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም፤ ቢሆንም እንግሊዝኛው ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ የገባው እኔ ዘንድ ስለነበር፣ የመብራት ቤቱን ደብዳቤም፣ የሐኪሙን ቃልም፣ የኦቾሎኒ ሻጭዋን መልስም ወደ አማርኛ የማመጣው እኔ ነበርኩ። እናቴ ዓርብ ዓርብ ማታ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበርና አባቴ እኔን ብቻዬን ከቤት ጥሎ መሄድ ስላልወደደ፣ በልግ በመጣ ቁጥር በየዓርቡ የሃይስኩል ፉትቦል ሜዳ ይዞኝ ይሄዳል። እሱ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ፣ እኔ ከላይብረሪ የተዋስኩትን መጽሐፍ ታቅፌ። ሰዉ ሁሉ ቋሊማ በዳቦ ሲበላ አባቴ ዓርብን ይጾማልና የሚበላው የተቀቀለ ኦቾሎኒ ብቻ ነው፤ እዚህ አገር አንዳንዱ ድስቱ ውስጥ ለማጣፈጫ የአሳማ አጥንት ስለሚጨምር ግን በየሳምንቱ ያቺኑ ሴትዮ ያንኑ ጥያቄ እንድጠይቅ ያደርገኛል። በሁለተኛው ዓመት ገና ከሩቅ ስታየን "አልገባበትም፣ የኔ ማር" ትል ጀመር። አባቴ ግን ሳልጠይቅ የተገኘ መልስ አይቆጠርም ብሎ እንደገና ያስጠይቀኛል።

የምንቀመጠው አስራ አንደኛው ረድፍ ላይ ነበር። ለሰው ሳወራ አስረኛው ስል ኖሬ ነበር፤ ዘንድሮ ሄጄ ቆጥሬ አስራ አንደኛው መሆኑን አረጋግጫለሁ። አባቴ የመረጠው በምክንያት ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ተሰልፈው በቆሙት ተጠባባቂዎች ጀርባ ይጋረዳል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የተጫዋቾቹ እጅ አይታይም። ሌላው ሰው ኳስ ያያል፣ አባቴ እጅና እግር ያያል። በወጣትነቱ ደሴ ውስጥ በግራ እግሩ ቅጣት ምት የሚመታ ሰው ስለነበር፣ በእጅ እያቀፉ የሚሮጡበትን ጨዋታ እግር ኳስ ብለው መጥራታቸውን መጀመሪያ አካባቢ እንደ ስድብ ነበር የወሰደው። ከሁሉም ተጫዋች የወደደውም ለጨዋታው ስም የሚመጥን ሥራ የሚሠራውን አንዱን፣ ሌላ ተጫዋች ኳሱን መሬት ላይ በእጁ አቁሞ ሲይዝለት በሁለቱ ቋሚዎች መሃል በእግሩ የሚልከውን መቺውን ነበር።

አባቴ የጸና አስተያየት ነበረው፤ አንዴ ከያዘው አይለቅም። ሥራው መሃል ከተማ ትልቁ ስታዲየም አጠገብ መኪና ማቆሚያ ጥበቃ ስለነበር የፕሮፌሽናሉን ቡድን ያወቀው ጨዋታውን በማየት ሳይሆን መኪኖቹ ሲወጡ በማየት ነው። ያሸነፉ ቀን ሰው ቅድሚያ እየተሰጣጠ ይወጣል፣ የተሸነፉ ቀን ጡሩንባ ነው፤ ቡድኑ እየመራ ሳለ ጨዋታው ሳያልቅ የሚወጡ ካሉ ደግሞ፣ ይላል አባቴ፣ እነዚያ ቡድኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ናቸው። የከተማችን ቡድን መምራት ይችላል፣ መጨረስ አይችልም ነበር ፍርዱ፤ በየዓመቱ ሰፈር የሚቀይር ተጫዋችን መደገፍ ደግሞ የሆቴል እንግዳን እንደ ዘመድ እንደ መቁጠር ነው ይል ነበር። የኮሌጁን ጨዋታ ቅዳሜ በቴሌቪዥን ያየዋል፣ ሰዉ የሚጮኸው ግን ለልጆቹ ሳይሆን ለገዛ ወጣትነቱ ነው፣ ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸውም የኮሌጁን ደጅ እንኳ ያልረገጠው ነው ባይ ነበር። እኔ ዘግይቼ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ ዲግሪዬን ስቀበል ይህን አስተያየቱን በራሴ ላይ ለመሞከር አንድ ቅዳሜ የኮሌጄን ጨዋታ ተቀምጬ አየሁ። አልጮህኩም። ስለዚህ ልክ ሳይሆን አይቀርም።

ለሱ ጨዋታ ማለት የሃይስኩሉ ነው። እዚያ የሚጫወተው የጎረቤት ልጅ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ቆሻሻ ሲያወጣ የምታየው። የኛም ጎረቤት ልጅ ካሌብ የቡድኑ መቺ ነበር። ቤታቸው ከቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ የሚኖረው ከእናቱ ከሚስ ጆይስ ጋር ብቻ ሲሆን እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ እሱ አስራ ሁለተኛ ነበር። አባቴ ስሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነና ግራ እግረኛ ስለሆነ ወደደው። ማታ ማታ ካሌብ ግቢያቸው ውስጥ ሲለማመድ አባቴ በረንዳ ላይ ቆሞ ያየዋል። አንድ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ አባቴ አውራ ጣቱን ያነሳል፣ ካሌብ ኮፍያውን።

በዚያ ዓመት ቡድኑ ያልተጠበቀ ርቀት ሄደና የመጨረሻው ጨዋታ በገዛ ሜዳችን ሆነ። ሁለት ነጥብ ተመርተን ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ካሌብ እንዲመታ ገባ፤ ከገባች ሦስት ነጥብ ናት፣ ርቀቱም በየምሽቱ ግቢው ውስጥ ከሚመታት የሚያንስ ነበር። ኳሷ ከቀኝ ቋሚ በስተውጭ አለፈች። ያን ያህል ሕዝብ በአንዴ ዝም ሲል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። አባቴ ብቻ፣ ኦቾሎኒውን እንደያዘ፣ ቀስ ብሎ "አጋደመበት" አለ። እኔ የመጽሐፌን ገጽ አጥፌ ተነሣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ጥቁር ልብሱን ለብሶ እናቴን ንፍሮ ቀቅዪ አላት።

"ሰው እኮ አልሞተም" አለች እናቴ፣ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። "ጨዋታ ነው።"

"ቤቱን አይተሽዋል?" አላት። "መጋረጃው አልተከፈተም፣ መኪናው አልተንቀሳቀሰም፣ አንድ ሰው አልመጣም። ይሄ ለቅሶ ካልሆነ ምንድን ነው?"

እናቴ ስንዴውንና ሽምብራውን ጣደች። እኔ ነጠላ አዘቅዝቄ፣ ሳህኑን ይዤ፣ የሚያየኝ የክፍል ጓደኛ እንዳይኖር እየለመንኩ መንገዱን ከአባቴ ኋላ ተሻገርኩ። ሚስ ጆይስ በሩን ስትከፍት ጥቁር ልብሱን አየች፣ የኔን ነጠላ አየች፣ አፏን ያዘችና አባቴን አቅፋ ማን እንደሞተብን ትጠይቀኝ ጀመር። አባቴ ደግሞ ሐዘን ያሸነፋት መስሎት ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ "አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናሽ" ይላታል። ሁለቱም ሲያጽናኑ ሲጽናኑ ጥቂት ቆዩ። ማንም እንዳልሞተ፣ የመጣነው ለጨዋታው እንደሆነ ስነግራት ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ ግቡ አለችን።

ገብተን ተቀመጥን። አባቴ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጠው ነው የተቀመጠው፤ ምንም ሳይናገር፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መሬት መሬት እያየ። ካሌብ ከፎቅ ወርዶ ከሶፋው ጫፍ ተቀመጠ። ዓይኑ ያበጠ ነበር። ሚስ ጆይስ ንፍሮውን በማንኪያ ቀመሰችና ለልጇ ሰጠችው፤ እሱም አንድ አንድ ሽምብራ እየለቀመ በላ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቴሌቪዥን አልተከፈተም። ከዚያ አባቴ ተነሣ፣ ካሌብ ፊት ቆመና ወደኔ ዞሮ እንዲህ አለ፦

"ንገሪው። ኳሱን ያቆመለት ልጅ ቀጥ አላደረገውም፣ አጋድሞበታል። ሕዝቡ እግሩን ሲያይ እኔ የዚያን ልጅ እጅ ነበር የማየው። የሱ አመታት ልክ ነው። ይህን ያየ አንድ ሰው እንዳለ ይወቅ።"

ካሌብ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። "አጋድሞ" የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምለው በትክክል አላወቅኩም ነበር፤ በትክክል የማልለውን ነገር ደግሞ ያኔም አልወድም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት አለ፣ ነጠላ ለብሳ ለፉትቦል ለቅሶ የደረሰችው ልጅ መሆኔ ሳያንሰኝ የፉትቦል ዳኛም ልሆን አልፈለግኩም።

"አዝኛለሁ ይላል" አልኩት።

ካሌብ አንገቱን ነቀነቀና መልሶ አቀረቀረ።

መንገዱን ስንሻገር አባቴ "ሁሉንም ነገርሽው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ምን አለ?"

"አመሰግናለሁ አለ።"

አባቴ ደስ አለው። ካሌብ ከዚያ በኋላ ኳስ አልመታም። ግሮሰሪ ውስጥ ሰው እርስ በርሱ እየተጠቋቆመ "ያ ነው" ሲል እኔም ሰምቻለሁ። ትምህርት ሲዘጋ ጓዙን ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ደንዉዲ ሄደና ሥራ ያዘ፣ ኮሌጅ ይጫወታል የተባለውም ቀረ። በሚቀጥለው በልግ አስራ አንደኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠን አዲሱ መቺ ሲገባ አባቴ "ነግረነው ነበር እኮ" አለ፤ "አንድ ሰው ማየቱ ይበቃዋል ብዬ ነበር።" እኔ መጽሐፌን ገለጥኩ። ከዚያ ዓመት በኋላ አብሬው አልሄድኩም፣ ጥናት አለብኝ እያልኩ። እሱ ጉልበቱ እስኪደክም ድረስ ብቻውን ይሄድ ነበር። ኦቾሎኒ ሻጭዋን ማን እንደሚጠይቅለት ጠይቄው አላውቅም።

አባቴ ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ሞተ። እኔ አላለቀስኩም። ለዕድሩ ደወልኩ፣ ወንበር አስመጣሁ፣ በማስታወቂያው ላይ የተሳሳተውን የልደት ዘመን አስተካከልኩ፤ ሴቶቹ ደረቅ ናት ሲሉ ሰማሁ፣ አልተሳሳቱም። በሦስተኛው ቀን አንድ ፀጉሩ የሳሳ፣ ጥቁር ከረባት ያሰረ ሰው ገባና ሥሩ የረጠበ የወረቀት ከረጢት ጠረጴዛው ላይ፣ ከንፍሮው ጎን አስቀመጠ። ከዚያ ማንንም ሳያናግር ተቀመጠ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መሬት መሬት እያየ። የአባቴ ጓደኛ ጋሽ መኮንን ከረጢቱን ከፍተው አዩና "የኦቾሎኒ ንፍሮ ነው እንዴ? አሜሪካኖች ይሄንንም ያውቃሉ?" አሉኝ።

"አባዬ ነው ያስተማረው" አልኳቸው።

አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ሲነሣ እስከ በሩ ሸኘሁት፤ እናቱ የአባቴን ሞት ከኛ ሰው ሰምታ እንደነገረችው፣ እንዴት እንደሚደረግ የሚያውቀውም አባቴ ሲያደርግ ያየውን ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ያኔ የዚያን ቅዳሜውን ቃል ነገርኩት፤ ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር፣ "አጋድሞ" የሚለውንም ጭምር። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

ካሌብ እጁ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ቆመ።

"የት ነበር የሚቀመጠው?" አለ።

"በኛ በኩል፣ ከሠላሳ ያርዱ መስመር ትይዩ። አስራ አንደኛው ረድፍ" አልኩት፤ ያኔ ገና አልቆጠርኩም ነበር፣ ከአፌ የወጣው ግን ትክክለኛው ነው።

ዓይኑን ጨፈነ። ከሜዳው ወደ ላይ እየቆጠረ መሰለኝ።

"ከዚያ ይታያል" አለ። ቀጥሎም፣ "ኳሱን ያቆመው ጓደኛዬ ስለነበር አልተናገርኩም። ብናገርም ሰበብ ይመስላል። ያየ ሰው መኖሩን ባውቅ ግን…" አለና አልጨረሰውም። ይቅርታ ጠየቅኩት። "ልጅ ነበርሽ" አለኝ። ከኋላው ሌሎች ለቅሶኞች እየመጡ ስለነበር መንገድ ለቀቀላቸው፣ እኔም ወንበር ላመጣላቸው ገባሁ።

ባለፈው ዓርብ አንድ ኩባያ ኦቾሎኒ ይዤ ሜዳው ሄድኩ። ሣሩ ሰው ሠራሽ ሆኗል፣ ጨዋታውን የሚደግም ትልቅ ስክሪንም ተሰቅሏል፤ ስክሪኑ የሚከተለው ግን ኳሱን ነው። ረድፎቹን ቆጥሬ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ሩብ ላይ መቺው ገባ። ሰዉ ሁሉ እግሩን ሲያይ እኔ ኳሱን የሚያቆምለትን ልጅ እጅ አየሁ፤ ከዚያ በእርግጥ ይታያል። ኳሱን ቀጥ አድርጎ አቆመው። ይህንኑ ልናገር ወደ ቀኜ ዞርኩ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ ነበር፣ አፌም ተከፍቶ ስለነበር ኦቾሎኒ አስገባሁበት።